የከለከልካት አተካና

ወንድም ጋሼ፣

የጌታ ሰላም ካንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሱቁስ? ደቡብ አፍሪካ አሁን ብርድ ነው አሉ፤ ደረትህን ሸፈን አድርግ፣ ሳል አንዴ ከያዘህ እንደማይለቅህ አውቃለሁ። እኛ ጋ ሆሳዕና ከተማ ዝናቡ ገብቷል፤ ትምህርት ቤትም ፈተና ላይ ነን። እኔ ደህና ነኝ። ስልክህን ስላላነሳሁ አትቀየመኝ። ድምፄን ብትሰማ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። የሰፈራችን ልጅ ሽብሩ ነገ ወደ እናንተ ስለሚበር ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ።

የእማዬን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ በስልክ የሰማኸው ቁርጥራጩን ብቻ ነው። አንገቷ ላይ የነበረውን እንቅርት አዲስ አበባ አወጡላት፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጨረር ያለው አዮዲን ሰጧት። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ስለሚወድ፣ የተረፉት የካንሰር ሴሎች አዮዲኑን ከነጨረሩ ውጠው እንዲሞቱ ነበር የታሰበው። አልዋጡትም። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ሴሎቹ ጠባያቸውን ለውጠዋል፣ አዮዲን መቀበል ትተው ስኳር መሻማት ይዘዋል፣ ሳንባዋም ውስጥ ገብተዋል አለኝ። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ፈልገን አጣን።

ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔ ምን ጠቀመኝ? ሴል ኦክስጅን ካገኘ ስኳሩን አሟጥጦ እንደሚጠቀም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምራለሁ። ይሄኛው የካንሰር ሴል ግን ኦክስጅን እያለው እንኳን በጥድፊያ ሳይጨርሰው ይጥለዋል፤ ስለዚህ መቼም አይጠግብም። ታዲያ ምን ትብላ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። የወደደችውን አለኝ። ስኳር ብትከለክሏትም ጉበቷ ከራሷ ሥጋ ስኳር እየሠራ ያቀርብለታል፣ የምትጎዳው እሷው ናት አለ።

ይህን በስልክ ቆራርጬ ስነግርህ አንተ ከመሃሉ «ስኳር» የምትለዋን ብቻ ይዘህ ቀረህ። ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን ቪዲዮ ላክህልን፤ ካንሰሩን በረሃብ እንግደለው አልክ። የበኩር ልጅ ነህ፤ አባባ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ያንተ ቃል አይታጠፍም። አክስታችን ርብቃ ትእዛዝህን እንደ ወንጌል ያዘችው። ከሌሞ ገጠር ዘመድ ለጥየቃ የእንሰት ቡላና ቅቤ በጋሪ ጭኖ ሲመጣ በር ላይ ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ማር ሲመጣም እንዲሁ። ቆይቶ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ሰው ባዶ እጁን ይመጣ ጀመር። በእኛ አገር ታማሚ ቤት ባዶ እጅ መግባት ነውር መሆኑን ታውቃለህ፤ ለእሷ ሲሉ ነውሩን ቻሉት። ጸልየው፣ አልቅሰው ይሄዳሉ። እነሱ ሲወጡ እማዬ ራበኝ ትለኛለች።

ስንት ጊዜ ለመንኩህ። አንቺ አንጀትሽ አይችልም፣ እኔ ግን ላድናት ነው አልከኝ። እንደምትወዳት አልጠራጠርም፤ ግን ወንድም ጋሼ፣ አንተ አላየሃትም። ያ እንሰት ሲፍቅ የኖረ ክንዷ ሲያልቅ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት በሀዲይኛ እንዲህ አለችኝ፦

«እሱ እየበላ እኔ ብቻዬን የምጾመው እስከ መቼ ነው?»

«እሱ» ያለችው በሽታውን ነው። ውሃውን ደፍቼ ልብሷን አለበስኳት።

ቅዳሜ ርብቃ ገበያ ስትወጣ የሳጥኑን ቁልፍ በመዶሻ ሰበርኩት። ቅቤውን አንጥሬ፣ ቡላውን በወተት አብስዬ፣ እሷ ለመስቀል እንደምትሠራልን አድርጌ አተካና ሠራሁላት። ቀና አድርጌ አጎረስኳት። መዋጥ ስለሚያስቸግራት ጥቂት ነው የበላችው። ከዚያ ለወንድምሽ አስቀምጪለት አለችኝ። ርብቃ ተመልሳ ሳጥኑን ስታይ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሰሃኑን አንስታ አጠበች።

ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም፤ ወቅሼህም ከሆነ ይኸው ወጣልኝ። ነገር ግን አውቅሃለሁ፤ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ብቻህን ቁጭ ብለህ «ምነው ባልከለከልኳት» ትላለህ። እንዳትል። ብትበላም ባትበላም ያ ነገር የሚወስደውን ይወስድ ነበር። እኔም ያበላኋት እንድትድን ብዬ አልነበረም፤ ስለራባት ነው።

የቀረውን እንዳልነግርህ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አስጠንቅቀውኛል፤ ወጉም ነውና አልነግርህም። ሽብሩ በደረሰ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ እዚያው ያለው ወንጌላዊ ተረፈ የአገር ልጆችን ይዞ በርህን ያንኳኳል። እናንተ ጋ በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ እንደሚያስፈራ ነግረኸኛል። ሌባ መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ ክፈትላቸው። ባለቤትህ አጠገብህ ትሁን። የዚያን ቀን ሱቅ አትክፈት።

ጌታ ያበርታህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ አንተን ለእኔ ያቆይልኝ።

ከእንግዲህ ካንተ ሌላ የሌላት እህትህ