የጥቅምት ሚካኤል ድርሻ

ቡሬ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለወንዳወቅ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። እኛ ጤና ነን፤ ልጃችን ያምሮት ትምህርቷን አላቋረጠችም፣ ላሚቱም ትታለባለች። እኔ ግን ልቤ አልረጋ ብሎኛል፤ ይህን ወረቀት ስጽፍ እንኳ ስንቴ ተነሥቼ ወደ በር እንደሄድኩ አትጠይቀኝ። ስልክህ አይነሣም። አዲስ አበባ ያረፍክባት እህትህ እህተ ማርያም ጋ ስደውል አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ወጣ ብሏል» ትለኛለች። ምስኪን፣ መዋሸት አልለመደባትምና ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ነገ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለስመኘው ይህን ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። በእጅህ ሳልሰጠው አልመለስም ብሎ ምሎልኛል።

የሚያንገበግበኝን ታውቀዋለህ። የጀሪካኑ ነገር ነው።

የጥቅምት ሚካኤል ማኅበር በአያ ታከለ ቤት ያለቀ ዕለት እኔ ጓዳ ሳህን አጥብ ነበር። ስወጣ አያ ታከለ ጀሪካን ሙሉ ጠላ በገመድ ጠፍረው፣ ዳቦውን በፌስታል ቋጥረው ለስመኘው ያስረክባሉ። «ምንድን ነው ይሄ?» ብላቸው፣ «የወንዳወቅ ድርሻ ነዋ! አገር ለቆ ቢሄድስ ታዲያ፣ ከሚካኤል ጽዋ ይጉደል እንዴ?» አሉኝ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ እንዲህ ካሉ ማን ይናገራል? ሰውም «ይገባዋል፣ ይገባዋል» አለ። ምን ልበል? ባሌ የሄደው ለመጠጥ ሕክምና ነው ልበል? «ለስፌት ሥራ ሄዷል እንበል» ብለን የተማከርነው ሁለታችን ነን። ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። ደሜ የፈላው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት ሳለህ ለጥናቱ ሲመርጡህ በስልክ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። ጭንቅላታችን ውስጥ አንዱ ክፍል ከሌላው እየተጠራራ ይሠራል፤ ሐሳባችንን አንድ ነገር ላይ የሚያቆየውም፣ ወዲያ ወዲህ የሚያባክነውም ያ መጠራራት ነው፤ መጠጥ ምን እንደሚያደርገው፣ ሲተውትስ ይመለስ እንደሆነ በፎቶ ማየት ይፈልጋሉ አልከኝ። ኤምአርአይ የሚሉት ትልቅ መሣሪያ ውስጥ አጋድመውህ፣ እሱ እየጮኸብህ፣ ነጥብ ስታይ ቁልፍ ተጫን ይሉሃል። በመሀል የብርጭቆ ሥዕል ያሳልፋሉ። «ብርጭቆው ሲያልፍ ነጥቡ ይጠፋኛል» ብለህ ሳቅክ። ያ ሳቅህ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ጠጥተህ የያምሮትን ዩኒፎርም ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርገህ የሰፋኸውን፣ ልጅቷ ክንዷን አጣማ ትምህርት ቤት የሄደችውን አስታወስኩ። ያን ቀን ፊትህ ስቄብሃለሁ። ጓዳ ገብቼ ግን አልቅሻለሁ።

አሁን ሁለተኛው ፎቶ ኅዳር መባቻ ነው። እስከዚያ አንድ ጉንጭ እንዳትቀምስ፣ ከቀመስክም ሳትደብቅ እንድትናገር ጥናቱን የምትመራው ዶክተር አስጠንቅቃሃለች።

ስመኘው ትናንት ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ። ባዶ ነው፤ ታጥቧል። አሸተትኩት፤ የሳሙና ሽታ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ተቀበለኝ፤ አመሰገነ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ጠጣው?»

«እኔ ምን አውቄ ካሰች! ሰጥቼው ሄድኩ እንጂ ስጠብቀው አላደርኩም!»

ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ደፍቶታል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ ወንዳወቅ የሚካኤልን ዝክር መሬት ላይ ይደፋል? እላለሁ። ለጎረቤት ሰጥቶት ይሆናል እላለሁ፤ ታዲያ ስልኩን ለምን አያነሣም? ወጡን አሳረርኩት፤ ላሚቱን ማለብ ረስቼ ስትጮኽ ነው ትዝ ያለኝ። የኔን ጭንቅላት ያን ሰዓት ፎቶ ቢያነሡት ጉድ ይታይ ነበር።

በመጨረሻ ነጠላዬን ለብሼ አያ ታከለ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ልትቆጣኝ ትችላለህ፤ ተቆጣ። «እኛው ነና እቁስሉ ላይ ያፈሰስንበት!» አሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ሰው አለመኖሩን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ካሱዬ፣ እኔን የመሰለውንስ ይቀበሉ ይሆን?» አሉኝ። አያ ታከለ! ጽዋ ሲነሣ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን የሚዘረጉት! «ወንዳወቅን እጠይቅልዎታለሁ» አልኳቸው።

ኅዳር ሚካኤል ተራው የእኛ ነው፤ ጽዋውን ባንተ ስም ተረክቤያለሁ። ጌሾ ግን አልገዛሁም። የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረሰንበት በማር ብርዝ ማድረግ ይቻላል ብለውኛል፤ ማሩን ከፈረስ ቤት ከተማ አስመጥቼያለሁ። የሚያጉረመርም ያጉረምርም።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ጠጥተህ እንደሆነ ከእኔ በፊት ለዶክተሯ ንገራት። ከደበቅሃት ፎቶህ ይዋሻል፤ ነገ ለአያ ታከለ የሚነገራቸውም ውሸት ይሆናል። ከጥናቱ ይሰርዙኛል ብለህ ፈርተህ ይሆናል። ይሰርዙህ ይሆናል፣ አላውቅም። እኔ ግን አልሰርዝህም። ጠጥተኸውም ከሆነ ና፤ ደፍተኸውም ከሆነ ና። ብቻ ስልኩን አንሣ።

የስፌት መኪናህን ዘይት ቀብቼ ሸፍኜዋለሁ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ ወጥተህ የምትገባበትን መንገድ ያቅናልህ፤ ለቤትህ ያብቃህ።

ያንተዋ ካሰች

ሳልነግርህ፦ ያምሮትን ያን ዩኒፎርም እታች ሰፈር ያለው ሰፊ ያስተካክልልሽ ብላት እምቢ አለች። «አባዬ ሲመጣ ራሱ ይተረትረዋል» ትላለች። ዛሬም ክንዷን አጣማ ነው የሄደችው።