የመጨረሻ ስንት?

መጋቢት 4

ከምሠራበት ፋርማሲ ስገባ እማዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ጠዋት ባስቀመጥኳት ቦታ። ጎረቤታችን ምሳዋን አብልታት ሄዳለች። ሳህኑ ታጥቦ ተገልብጧል። እግዜር ይስጣት።

ሳሎኑ መተላለፊያ የለውም። ሱቁን ለባለቤቱ ካስረከብን ወዲህ ጨርቁ ሁሉ እኛ ጋ ነው። ጣቃ በጣቃ ላይ... የመጋረጃ፣ የሶፋ፣ ገበር፣ ከፋይ። መኝታ ቤት ለመግባት በጎን መሹለክ ነው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሸጠችው እዚህ ቤት መጥቶ ተኛ።

ዛሬ ጥቂቱን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ያለው ገበያ ላይ ለጠፍኩ። ስልኩን ሳላስቀምጥ አንዱ ጻፈልኝ፦ «የመጨረሻ ስንት?» ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሰውዬ፣ መጀመሪያውን መቼ አየኸው?

እማዬ ዛሬም ምንም አላለችም።

መጋቢት 6

ስልኩ ነዘነዘኝ። «ሁለት ሰዎች ዕቃዎን ወደውታል። ቅናሽ ይላኩላቸው?» የወደደማ ይጨምራል እንጂ ይቀነስለታል? እማዬ ብትሰማ... ትሰማለች እኮ። መመለሱ ነው ያቃታት።

የንግግር ሐኪሟ መጣች። ሥዕል ዘረጋችላት። ኩባያ፣ ወንበር፣ ቁልፍ። እማዬ ፊቷን አዞረች። አፍራ ነው። ሐኪሟ ስትወጣ በር ላይ፣ «ቃሉ አልጠፋም፣ መውጫውን ነው ያጣው» አለችኝ። «ሳታስበው የምትለው ነገር ፈልጊ። በአፏ የኖረ ነገር። አንዱ ከወጣ ሌላውን ይስበዋል። ግን ቶሎ ነው... ዝምታውን ከለመደችው ይከብዳል።»

ጸሎት ጀመርኩላት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ዘፈንኩላት። የኔ ድምፅ ራሱ ሰው ዝም ያሰኛል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የናቱን ዝምታ ያላየ ሰው ነው የተረተው።

መጋቢት 9

እህቴ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። የጅምላ ገዢ አግኝታለች፤ ሁሉንም ባንዴ የሚጭን። «በግማሽ ዋጋም ቢሆን ልቀቂውና ተገላገይ። አንቺም እኮ ሰው ነሽ» አለች። እውነቷን ነው። ስትሮክ ከመታት ወዲህ አንድ ቀን ተኝቼ አላደርኩም። አስብበታለሁ አልኳት። ምኑን ነው የማስበው? ደክሞኛል።

መጋቢት 11

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ያ «የመጨረሻ ስንት?» ባዩ ዛሬ ድምፅ ላከ። ከኋላው የስፌት መኪና ይንጫጫል። «እህቴ፣ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ መጻፍ አልቻልኩም። ያቺን አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ በሺህ ጨርሺልኝ።» ሦስት ሺህ ያልኩትን! ዓይን አውጣ። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ መጣልኝ፦ «ተቀበል»፣ «እምቢ በል»። እምቢ ልል ጣቴን ሳነሳ...

«አይሆንም።»

ከኋላዬ ነው። ዞርኩ። እማዬ እኔን አታይም፣ ስልኩን ነው የምታየው። በቅንድቧ ጭምር ተቆጥታለች።

«አይሆንም! አ... አያከስረኝም?»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ተንበርክኬ ጉልበቷን ስሜ፣ እጇን ስሜ፣ «በይ ድገሚው፣ እማዬ ድገሚው» እያልኩ... ስልኩን ሳነሳው ምን ሆኗል? «ተቀበል» ተጭኛለሁ። ሲወድቅ ይሁን ሳነሳው እንጃ። በሺህ ሸጬዋለሁ! እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ አፏን ፈትታ አይሆንም ስትል፣ እኔ ይሁን አልኩ።

ስነግራት ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ቁጣዋ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል።

መጋቢት 12

እኔው ገዢ ልሁን አልኩ። «እማዬ፣ ይቺን በአምስት መቶ አትሰጪኝም?» አዘነችልኝ መሰለኝ። ድምፄን አወፍሬ፣ ጢም እንዳለው ሰው አገጬን እያሻሸሁ ደገምኩ። ሳቀች። ቃል አልወጣትም፣ ግን ሳቀች። ሳቅም አንድ ነገር ነው።

ልጅ ደንበኛ አይሆንም። ባዳ ያስፈልጋታል።

መጋቢት 13

መጋረጃ ሰፊው ከፋዩን ሊወስድ መጣ። አጭር ሰው ነው፣ ሹራቡ ላይ ክር ተለጣጥፎበት፣ ኮሌታው ላይ መርፌ ተሰክቶ። ደረጃው ላይ አስቁሜ እውነቱን ነገርኩት። ስለ ሕመሟ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ጣቴ። ጨርቁን ይዞ ይፈረጥጣል ብዬ ነበር። ራሱን አከከ።

«እማማ አይሆንም ብለው የለ እንዴ?»

«ብላለች።»

«ታዲያ ዋጋው መቼ አለቀና?»

ገብቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እማማ፣ በሺህ አይሆንም አሉኝ አሉ። ሺህ ሁለት መቶስ?»

እማዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከላይ እስከ ታች። ገበያተኛ የምታይበት አስተያየት ነው፣ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

«ጨ... ጨምር።»

«ሺህ አምስት መቶ።»

«ጨምር።»

«ኧረ እማማ፣ ልጆች አሉኝ!»

«እኔስ?»

እኔ በሩን ተደግፌ አፌን ይዣለሁ። ሁለት ሺህ ላይ እጇን ወርወር አድርጋ «ውሰድ በቃ» አለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሰውዬው ጨርቁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ፣ «ሺህ ጨምሬ እየሳቅኩ ነው የምሄደው። ሚስቴ ከሰማች እኔንም መጋረጃ ታደርገኛለች» አለኝ።

በየጠዋቱ ድምፅ እንዲልክላት ለመንኩት። ባይገዛም።

«መከራከር ብቻ? እሱንማ ያለ ክፍያ!»

መጋቢት 20

ቃሉን ጠበቀ። እኔ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ይልካል፣ እማዬ መልሱን ስልኩ ላይ ትናገራለች። ትጮኻለች ብል ይሻላል፤ ሰውየው ሩቅ ስለሆነ ነው መሰላት። «አያዋጣኝም።» «ላንተ ስል ነው።» «ካሻህ ውሰድ፣ ካላሻህ ተወው።» ለኋለኛው አጨበጨብኩላት።

ዛሬ ደግሞ ድምፁ እንደ ልማዱ በዋጋ ሲጀምር ቆጣ አለች። «ምነው... ደህና አደርሽ የለም?» ስልኩን እያየች! አዲስ ነው። ገበያ ያልሆነ ቃል። ሰፊው ወዲያው መለሰ፣ «ይቅርታ እማማ፣ እንዴት አደሩ? ልጅዎትስ እንዴት አደረች?»

እማዬ ወደኔ ዞረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠበቅኩ... አልወጣም።

ሚያዝያ 2

እህቴ የጅምላ ገዢው እየጠበቀ ነው ብላ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን እማዬ ጭን ላይ አኖርኩት። እማዬ መናገር መጀመሯን ለእህቴ አልነገርኳትም ነበር።

«እማዬ፣ እንግዲህ ሁሉንም ባንዴ ልሽጠው አይደል?» አለች እህቴ፤ እንደ ሁልጊዜው መልስ ሳትጠብቅ።

«አያዋጣም።»

ከዚያ የእህቴ ለቅሶ። ትልቅ ሴት፣ መሥሪያ ቤት የምታስተዳድር፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች «ድገሚልኝ... በስማም፣ ድገሚልኝ» ትላለች። እማዬ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጅምላ ገዢ የተናገረ የለም።

ሚያዝያ 15

ግድግዳው መታየት ጀመረ። ሰፊው ለሥራው እየገዛ ነው፣ ሌሎችም ይመጣሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጨርቁ ሲያልቅስ? ሌሊትና ቀን የማስበው ይኼንን ነው። ያላት ቃል ሁሉ ጨርቁ ላይ ነው ያለው። ውሃ ስትፈልግ ዛሬም በእጇ ነው የምታሳየኝ። የመጨረሻዋ ጣቃ ስትሄድ ቃሏም አብሮ ተጠቅልሎ ቢሄድስ?

ደግሞ... እዚህ ማንም አያነብም፣ ልጻፈው። ለሰፊው «ጨምር»፣ ለእህቴ «አያዋጣም»፣ ለኔ ዝም። ገላዋን የማጥባት እኔ፣ የማበጥርላት እኔ። ቀናሁ እንዴ? አዎ፣ ቀናሁ። በመጋረጃ ሰፊ ቀናሁ።

ማንም እንዳይገዛ የቀረውን ሁሉ ዋጋ ሰቀልኩት። ስልኩ ወዲያው፦ «ዋጋዎ ከሌሎች ይበልጣል። ቅናሽ ይሞክሩ።» አንተ ዝም በል።

ሚያዝያ 18

ሐኪሟ ዋጋውን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ ምክንያቱን ስነግራት መሳቋን ተወች። «እናትሽን ሱቅ ውስጥ ልትቆልፊባት ነው? ሲሸጥ እኮ ነው የምትናገረው። ሽጪ።»

ዋጋውን አወረድኩት። እየፈራሁ።

ግንቦት 3

የመጨረሻዋ ሄደች። ክሬም ቀለም ያላት፣ ማንም ያልፈለጋት።

ሰፊው ራሱ መጣ። መጨረሻ መሆኑን ያውቃል፤ ከሁሉ ቀን ይልቅ ዛሬ ተከራከረ። ተነሥቶ በር ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ማለ፣ ተገዘተ። እማዬ አንዴ «ሂድ!» ብላው ወዲያው «ና!» አለችው። ሲስማሙ ሁለቱንም አልቧቸው ነበር።

ጨርቁን ካቀፈ በኋላ ቆም አለ። «ምርቃትስ እማማ? ምርቃት የለውም?»

ይኼ ስልኩ ላይ የለም። ቅናሽ የሚባል ቁልፍ አለ፣ ምርቃት የሚባል የለም። እማዬ ሱቅ ሳለች ከለካችና ከቆረጠች በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ትጨምር ነበር፤ ካልመረቁ ገበያ አይባረክም ትላለች። ዛሬ ግን ምኑን ትጨምር? ክፍሉን ዞራ አየችው። ባዶ ነው። ፊቷ ልውጥ ሲል አየሁና፣ ጓዳ ገብቼ አንድ ነገር ላምጣ ብዬ በአጠገቧ ሳልፍ ቀሚሴን ያዘችኝ። ጠንካራ አያያዝ ነው።

«ይቺ...» አለች።

ቆምኩ።

«ይቺ... የኔ ምርቃት ናት።» ትንፋሿን ሳበች። «አትሸጥም።»

አርባ አልፏት ነው የወለደችኝ። እህቴ ያኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። ማንም አልጠበቀኝም። ሁልጊዜ የሚመስለኝ ሳይታሰብ የመጣሁ፣ ቦታ ያጣበብኩ ነበር። እንዲህ ተብዬ ተጠርቼ አላውቅም። በጤናዋም ጊዜ።

ሰፊው ሁለታችንንም አየን። «እሷንማ ማን ይገዛል እማማ? የሦስት ሺህ ከፋይ በሺህ የምትሸጥ!» ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላት። «እንግዲያው ለኔ በአፍዎ ይሁንልኝ።»

እማዬ እጇን ራሱ ላይ ጫነች። «እደግ» አለችው። «እጅህ... ይባረክ።»

ሲወጣ ዓይኑን በክሬሟ ጨርቅ ጫፍ ጠረገ። ገና ሳይሰፋት።

እኔ? እኔማ ባዶው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ ተነፋረቅኩ። ፀጉሬን ደባበሰችኝ። እኔም ሌላ አልፈለግኩም።

ግንቦት 4

«ውሃ» አለችኝ። ሮጬ ሳመጣ ግማሹን ደፋሁት።

ግንቦት 21

ሽንኩርት ገዝቼ ገባሁ። ዘንቢሉን ሳላስቀምጥ፣

«በስንት?»

ነገርኳት። ዋሽቼ ቀነስ ላደርገው ነበር፣ አልሆነልኝም።

«ሞኝ!» አለች። «የጠሩልሽን... ዝም ብለሽ ትከፍያለሽ? ዞር ማለት ነው። ሄድ ትያለሽ። ይ... ይጠሩሻል። ካልጠሩሽ ሌላ ጋ። ሽንኩርት ሞልቶ! ደሞ ይኼኛው... የበሰበሰ ነው። አላየሽም? ዓይን የለሽም? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ገና መግቢያው ነበር። አንዳንዱ ቃል ላይ ትቆማለች፣ ትታገለዋለች፣ ታልፈዋለች። ስለ ሽንኩርት ጀምራ ስለ ጫማዬ፣ ስለ ክሳቴ፣ ባል ስለማጣቴ። ሁሉም ተነሣ። መሃል ላይ የቀዳሁት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አላቋረጥኳትም።

ነገ ቲማቲም እገዛለሁ። በውድ።