ያልተላከው ሰርቮ

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ አንተ ድንጋዮችህን በምትለይበት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። ፖስታ ቤት አልወስደውም። ቅዳሜ አደላይድ ሆስፒታል ስመጣ አልጋህ አጠገብ ሆኜ ራሴ አነብልሃለሁ። ወረቀት በእጄ ካልያዝኩ ፊትህን አይቼ እንደገና እዋሻለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ከምንነግርህ ምን ያህሉን እንደምትረዳ አናውቅም ብሎኛል። እንግዲህ በማላውቃቸው ነገሮች ላይ ይህም ተጨመረ።

ፌብሩዋሪ ላይ ከግሪኩ ጎረቤታችን ከስታማቲስ የኦፓል ድንጋይ ቁፋሮ ቦታ ስንመለስ የሆነውን ታስታውሳለህ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አጠገብህ ነኝ። ፍሬን ለመያዝ ስትሞክር ቀኝ እግርህ ፔዳሉን ፈልጎ አጣው። ስኳሩ እግርህን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ አንተ ግን ለማንም አትናገርም። ፒክአፗ ስትቆም የፊት ጎማዋ ከጉድጓዱ አፍ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። ሃያ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ፣ አጥር የሌለው ጉድጓድ። እኔ የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ አንተ ሳቅህ።

«ይሄን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አልከኝ። «ጌታውን አይበላም።»

ያን ሳምንት ለመንኩህ፣ ተቆጣሁህ፣ አለቀስኩብህ። «ቁልፉን ብትደብቂ በካቻቢቴ አስነሳታለሁ» አልከኝ፤ እንደምታደርገውም አውቃለሁ። እዚህ ክሊኒክ ሐኪሙ ጋ ሄጄ መንጃ ፈቃዱን ውሰዱበት ማለት ነበረብኝ። ክሊኒኩ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሃምሳ ዓመት በገዛ እጁ ሠርቶ ያደረ ሰው ላይ እንዴት ብዬ ፊርማ አስቀምጣለሁ?

ከዚያ አንተው ራስህ መንገዱን ከፈትክልኝ። ጥፋቱን እግርህ ላይ ማድረግ ስላልፈለግህ መኪናዋ ላይ አደረግኸው። «ፍሬኑ ከብዷል፤ ሰርቮው ሳይሞት አይቀርም» አልክ። ያ ከሞተሩ ኋላ ያለው፣ ድስት የመሰለው፣ ፍሬን ሲረገጥ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ዕቃ። እሑድ ጠዋት ባልዲ ገልብጠህ በሩ አጠገብ ተቀመጥክና እኔን መሪው ጋ አስገባኸኝ።

«ሞተሩን ሳታስነሺ አምስት ስድስት ጊዜ ርገጪው። ደረቀ?»

«ደረቀ።»

«አሁን እግርሽን ሳታነሺ አስነሺያት። ከእግርሽ ስር ትንሽ ወረድ ካለ ደህና ነው። ካልወረደ ፖች ነው።»

አንተ ዘንድ የዓለም ነገር ሁሉ ሁለት ነው፤ ቀለም ያለውና ፖች። ፖች ስንት ወር ተቆፍሮ የሚገኘው ቀለም አልባ፣ ዋጋ የሌለው ኦፓል ነው። አንተ ግን የቀዘቀዘ ሻይንም፣ የቆፋሪዎቹን ክለብ ሊቀ መንበርም፣ የቀድሞ ባሌንም ፖች ትላቸዋለህ። በባሌ ነገር ልክ ነበርክ።

አስነሳሁ። ፔዳሉ ከእግሬ ስር ለስለስ ብሎ ወረደ። ሰርቮው ምንም አልሆነም።

«እሺ?» አልከኝ።

«አልወረደም።»

ዝም ብለህ አየኸኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ፖች ነው አባዬ።»

«እንግዲያው ይውጣ» አልክና ሁለት የመፍቻ ቁልፍ አቀበልከኝ።

አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብን። መጀመሪያ የአየር ቱቦውን ነቀልኩ። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈታሁ። «ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ሳቢው፤ ቱቦዎቹን እንዳታጣምሚ። ዘይት ካፈሰስሽ ምሳ የለሽም» ትለኛለህ። ከዚያ መሪው ስር በጀርባዬ ተኝቼ የፔዳሉን ፒን አወጣሁ፤ አራቱን ዳዶዎች በእጄ እየዳሰስኩ ፈታሁ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ አንገቴ ተጣሟል፤ አንተ ውጭ ሆነህ «እናትሽ ብትሆን እስካሁን ጨርሳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር» ትላለህ። በመጨረሻ ሰርቮውን ታቅፌ ስወጣ እጄን ያዝክና ጥቁር የሆነውን መዳፌን ገልብጠህ አየኸው።

«እጅሽ የኔ እጅ ነው» አልከኝ።

በዕድሜዬ ሁሉ ካሞገስከኝ ይህን ያህል ደስ ያለኝ የለም። ያሞገስከኝ ስዋሽህ ነው።

አደላይድ የሚያድሱበት ቦታ በአውቶቡስ እልከዋለሁ አልኩህ። አልላክሁትም። በጆንያ ጠቅልዬ ከመኝታ ክፍልህ ኋላ ያለው ጠባብ ዋሻ መጨረሻ ላይ ደበቅሁት፤ ያ ድሮ ኦፓል ይኖረዋል ብለህ ጀምረህ የተውከው። ቁመቱ ስለሚያጥር በጉልበትና በእጅ ካልተዳኸ አያስገባም። በዚህ እግሩ እዚህ አይደርስም አልኩ። ኮረብታውን ቆፍሮ ቤት ካደረገልኝ ሰው፣ እዚያው ኮረብታ ውስጥ ዕቃ ደበቅሁ። ይህን ያህል ጅል ነኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፦

«ዕቃው አልመጣም?»

«አልመጣም አባዬ።»

አንዳንዴ ትቀልድበታለህ። «በግመል ነው እንዴ የሚያመጡት?» ትላለህ። አንዴ ስታማቲስ ቡና ሊጠጣ መጥቶ «ልጅህ ሰርቮውን ግሪክ ልካው ይሆናል» ቢልህ፣ «ግሪክ ከገባማ ተሽጧል» አልከው። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ሳቄን ጨርሼ ጓዳ ገባሁና ጨው የምፈልግ መስዬ ቆምኩ። እውነቱን ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌን እንደከፈትኩ አታውቅም። ፒክአፗ ግን ቆማለች፤ አንተ ከጉድጓዶቹ ርቀሃል፤ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ።

ጁን ላይ ከስታማቲስ ቤት በእግርህ ስትመለስ ወደቅህ። ሦስት መቶ ሜትር መንገድ ነው። ድሮ በመኪና የምትሄድበት። ብርዱ ላይ ምን ያህል እንደተኛህ የሚያውቅ የለም፤ ውሻችን ነው ስታማቲስን ጠርቶ ያመጣው። የሐኪሞቹ አውሮፕላን ይዞህ ሲነሣ እኔ ጫማህን ይዤ ሜዳው ላይ ቀረሁ። ሐኪሙ አንጎልህ ውስጥ የፈሰሰው ደም ቤትም ብትሆን፣ መኪና ውስጥም ብትሆን አይቀርም ነበር ይለኛል። ምናልባት እውነቱን ነው። እኔ ግን ከጉድጓድ አዳንኩት ያልኩትን ሰው መንገድ ላይ ጣልኩት፤ ሌላውን ባደርግስ ምን ይሆን እንደነበር የሚነግረኝ ሰው የለም። አንተ ደግሞ ቀኝ ጎንህም ንግግርህም ሄዷል። ባለፈው ሆስፒታል መጥቼ ስጠይቅህ ያየኸኝ እንደዚያ እሑድ ነው። ዝም ብለህ።

ማክሰኞ ዕለት ሰርቮውን ላወጣ ድሄ ዋሻው ገባሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም ራሴን፤ ብቻ እዚያ መቆየቱን አልቻልኩትም። ጆንያውን ስገልጥ ከላይ ወረቀት ፕላስተር ተለጥፎበታል። ድንጋይ የምታስቀምጥባቸው ብርጭቆዎች ላይ የምትለጥፈው ዓይነት። በእርሳስ፣ በአንተ በተንጋደደ ጽሑፍ፦

*ቀለም አለው። ማርች 3።*

ማርች 3 ማለት ከደበቅሁት ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በዚያ እግርህ ገብተሃል። ፈትሸኸዋል፤ አየር እየሳበ የሚፈትሸው የእጅ ፓምፕህ አጠገቡ ነበር። ከዚያ በጆንያው መልሰህ ጠቅልለህ፣ ልክ እኔ እንዳስቀመጥኩት አስቀምጠህ ወጥተሃል። በማግስቱም ጠዋት «ዕቃው አልመጣም?» ብለኸኛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ።

ዋሻው ውስጥ ተቀምጬ ብዙ አለቀስኩ። አባዬ፣ ምን ማለትህ ነበር? እውነቱን እንድነግርህ በር እየከፈትክልኝ ነበር? ወይስ እየቀጣኸኝ? በየጠዋቱ የጠየቅኸኝን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ድምፅህ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ስታማቲስን ሄጄ ያዝኩት።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ ልጄ» አለኝ። «ስለ ሰርቮው ምንም አልነገረኝም። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ‹ዕቃው ሲመጣ እነዳለሁ› ሲል ሰምቼው አላውቅም። ‹ሲመጣ እሷ ትንዳት› ነው የሚለኝ።»

ትናንት መልሼ ገጠምኩት። ባልዲው ላይ ስታማቲስ ተቀመጠ፤ ከአንተ የባሰ አሠሪ ነው፣ በዚያ ላይ የመፍቻ ቁልፍ መለየት አይችልም። አራቱን ዳዶዎች፣ ፒኑን፣ ማስተሩን፣ ቱቦውን። ዘይት አላፈሰስኩም። ከዚያ ሞተሩን ሳላስነሳ ስድስት ጊዜ ረገጥኩ። ደረቀ። እግሬን ሳላነሳ አስነሳሁ። ፔዳሉ ከእግሬ ስር ወረደ።

«እሺ?» አለኝ ስታማቲስ።

«ወረደ» አልኩት። ያን ቃል ለእሱ ማለቴ ቆጨኝ፤ የአንተ ነበር።

ነርሷን በስልክ አነጋግሬያታለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበርህን ወደ መስኮቱ ታዞርልኛለች። ፒክአፗን ከታች፣ ዛፉ አጠገብ ታያታለህ። መንገድ ላይ አድሬ፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትሩን ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ ካንጋሮ በሚወጣበት ሰዓት አልነዳም፣ አትስጋ። ትረዳኝ እንደሆነ አላውቅም። ይቅር ትለኝ እንደሆነም የምትነግርበት አንደበት የለህም። ከዚህ በላይ የማደርገውም አላውቅም። ፎቅ ወጥቼ ይህን ካነበብኩልህ በኋላ አራት ወር የጠየቅኸኝን እመልስልሃለሁ።

ዕቃው መጥቷል፣ አባዬ። ቀለም አለው።

ልጅህ ኔቬንካ