አፈር ለማንም ያልከለከሉት የወይዘሮ እታለም መንግሥቴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እታለም መንግሥቴ ከአባታቸው ከአቶ መንግሥቴ ሰውመሆን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሁን አያልነህ ጥር 21 ቀን 1959 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በሌላ ሰው ቀብር ላይ ቢሆን የወላጆች ሙያ ባይነሣም ያልፍ ይሆናል። እዚህ ግን ሳይነሣ ቢቀር የሚቀጥለው ሁሉ አይገባም፤ ደግሞም ከተሰበሰባችሁት መካከል የማያውቀው የለም።

ሟች ስምንት ዓመት ሲሆናቸው የመሬት አዋጅ ታወጀ። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ የሚኖረው በሰው መሬት ላይ፣ በባለርስቱ ፈቃድ ነበር። አዋጁ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ይሰጥ ስላለ ለአቶ መንግሥቴም ሁለት ጥማድ ደረሳቸው። የደረሳቸው ክረምቱን ሙሉ ውኃ የሚተኛበት፣ ማንም የማይፈልገው ረግረግ ነው። ለጭቃችሁ ይሆናችኋል ተብሎም ተሳቀባቸው። ያም ሆኖ አባታቸው መሬቱን ዙሪያውን ዞረው ሲጨርሱ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዘራቸው የመጀመሪያው ባለመሬት እሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮ እታለም መደበኛ ትምህርት ቤት አልገቡም። የቤቱ አቅም ለአንድ ልጅ ብቻ ስለነበር የተላከው ታናሽ ወንድማቸው ዘመኑ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀታቸው እስከ ዛሬ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ አልወረደም። ከዚያ ጀምሮ ጋንና እንስራ በጀርባቸው አዝለው ወረታ ገበያ እያወረዱ ወንድማቸውን እስከ መምህርነት አደረሱት። አንድም ቀን ይህን አደረግሁልህ ብለውት አያውቁም።

በ1976 ዓ.ም. የአንበሳሜውን ቀጥቃጭ አቶ ብሥራትን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ሁለቱን ወባ በአንድ ዓመት ወሰደቻቸው። የቀረችው እየሩስ ናት። ሩዝ ፎገራ ላይ መዘራት ሲጀምር ያ የተሳቀበት ረግረግ ሁሉም የሚመኘው መሬት ሆነ። ባልና ሚስቱ ሩዝ ዘሩበት፤ አቶ ብሥራት ለአካባቢው ሰው ሁሉ ማጭድ ሠሩ፤ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ አደረ። ምን ያደርጋል፣ አቶ ብሥራትም በ1993 ዓ.ም. በዚያው በወባ ሞቱ።

በ1997 ዓ.ም. የመሬት ምዝገባ ኮሚቴ ገመዱን ይዞ ቁሐር ሚካኤል ደረሰ። ይህ ምዝገባ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። ባል የሞተባት ሴትም በራሷ ስም፣ ፎቶግራፏ የተለጠፈበት ደብተር ታገኛለች ተባለ። ወይዘሮ እታለም አዲስ ነጠላ ለብሰው ወረታ ድረስ ሄደው ፎቶ ተነሡ። ኮሚቴው ከማሳው ሲደርስ ግን በዳር በኩል ሁለት የሰፈር ሴቶች የሸክላ አፈር ሲቆፍሩ አገኘ። በሸክላ ሠሪ ዘንድ አፈር አይከለከልም። አፈር ፈልጋ የመጣች ሴት ፈቃድ አትጠይቅም፤ እንዲያውም የመጀመሪያውን ቅርጫት ባለመሬቷ ራሷ ቆፍራ ትሞላላታለች። የኮሚቴው ጸሐፊ ይህ የማን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ታዲያ እንደ ወጋቸው፣ በኩራት፣ የሁላችንም ነው፣ ማንም መጥቶ ይወስዳል አሉት። ሩዙ የኔ ነው ማለት አላሰቡም፤ ሩዙ ቆሞ ይታይ ነበርና። ጸሐፊው ሁለቱን ጥማድ ሙሉውን የወል መሬት ብሎ መዘገበው።

ዝርዝሩ አቤቱታ ያለው እንዲያቀርብ ለአንድ ወር በቀበሌው ተለጠፈ። ሟች ማንበብ ይችሉ ነበርና ሄደው አነበቡ፤ ስማቸውንም አጡት። በዚያው ቀን ወረታ ወደሚያስተምረው ወንድማቸው መጥተው አብረን የመሬት ቢሮ እንግባ አሉት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሦስተኛ ሰው መጻፍ አልቻልሁም። ወንድማቸው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ወረታ ላይ የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚያውቅ አልነበረም። የደራ ገበሬ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው፤ የቢሮው ኃላፊም አብሬው ማዕድ የምቆርስ ወዳጄ ነበር። ከሸክላ ሠሪ እህቴ ጋር በዚያ በር መግባት ኀፍረት ሆነብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኋቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት ያንኑ አልሁ። ወሩ አለቀ። ብቻቸውን ሲሄዱ ጊዜው አልፏል ተባሉ። ሸክላ ተሸክመው ያስተማሩኝ እንዲህ ላለው ቀን ነበር፤ እኔ ግን አልተገኘሁም። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

እስከዚያ እሳቸው ሲያርሱት የቆዩት፣ በመዝገብ ግን የወል የተባለው መሬት በ2003 ዓ.ም. ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው እንዲያርሱት ተሰጠ። ወጣቶቹም መሬት ያጡ የገበሬ ልጆች ስለሆኑ በእነሱ አልፈርድም። ሟችም አልፈረዱባቸውም። አርሰው ሲደክሙ ውኃ በእንስራ ይልኩላቸው ነበር፤ የሚጠጣው ጠጣ፣ የሚተወውም ተወ። እሳቸው ግን የአባታቸው መሬት ዳር ቆመው የሌላ ሰው ሩዝ ሲታጨድ ማየት ጎዳቸው። የድሮ ወዛቸው አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ተከራከሩ። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ፍርድ ቤቱ መሬቱ የእርስዎ እንደነበረ የሚመሰክሩ ሦስት አዋሳኞች ያምጡ አላቸው። የአዋሳኞቹን ስም አልጠራም፤ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችኋል። ውኃችሁ የሚቀዘቅዘው በእታለም እንስራ፣ ጠላችሁ የሚጠመቀው በእታለም ጋን ነው። ክፉ ሰዎች አይደላችሁም። ለሸክላ ሠሪ መስክሮ የገበሬ ልጅ መሬት አስነጠቀ እንዳትባሉ ፈራችሁ። እኔም ስለምን እንደፈራሁ ነግሬያችኋለሁና ከእናንተ አልሻልም።

ልጃቸው እየሩስ ብሥራት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተምራ በ2010 ዓ.ም. ተመረቀች። ትምህርቱን የመረጡላት እናቷ ናቸው። ዛሬ በሌላ ወረዳ የሰው መሬት እየለካች ደብተር ትሰጣለች፤ የእናቷን ጉዳይ ግን በእጇ እንድትይዝ የሥራው ደንብ አይፈቅድላትም። ሥራ ስትጀምር ሟች የነገሯት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሲመልስልሽ ቶሎ አትጻፊ፣ ደግመሽ ጠይቂ። እየሩስ እስከ ዛሬ ደግማ ትጠይቃለች።

ወይዘሮ እታለም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። የጤና መድን ደብተር ስለነበራቸው በወረታ፣ በኋላም በባሕር ዳር ታክመዋል። መንገዱ አንድ ሳምንት ሲከፈት አንድ ሳምንት ሲዘጋ ግን ቀጠሯቸው ብዙ ጊዜ አለፈ፤ የሕክምናውም የፍርድ ቤቱም። በዘንድሮው ትንሣኤ ሳምንት ጎረቤታቸውና አዋሳኛቸው አቶ አለምነህ ሊጠይቋቸው መጡ። ዕቃ ሊገዙ ካልሆነ ወደዚያ ቤት ደጃፍ ቀርበው አያውቁም ነበር። ገብተው ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ዳቦ ቆርሰው በሉ፣ ከበሉም በኋላ እመሰክራለሁ አሉ። እህቴ መናገር ተስኗቸው ስለነበር እጃቸውን ያዟቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ጎረቤት ነበሩ።

በሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ልጃቸው ከራስጌያቸው ተቀምጣ ሳለ ዐረፉ። ከትራሳቸው ሥር ለደብተሩ ብለው የተነሡት ፎቶግራፍ ተገኝቷል። አዲሱን ነጠላ ለብሰው፣ ቀና ብለው ተቀምጠው ይታያሉ። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው እሱ ነው፤ የሚለጠፍበት ደብተር ስላላገኘ እዚህ ለጠፍነው።

ሟች አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ንጋትን፣ እና ይህን የጻፍሁትን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ክርክሩን እየሩስ በእናቷ እግር ተተክታ ትቀጥላለች። ቀጠሮው ግንቦት 19 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ወረታ ነው። ፍርድ ቤቱ ሦስት ሰው ጠይቋል፤ አቶ አለምነህ አንድ ናቸው። እኔ አዋሳኝ ስላልሆንሁ ከሦስቱ አልቆጠርም። የሸክላ ሠሪዋ የእታለም ወንድም መሆኔን ተናግሬ ግን በዚያ በር ከእየሩስ ጋር እገባለሁ።

አፈር ፈልጎ ወደ እሳቸው የመጣ ሰው ቅርጫቱን ባዶ ይዞ አልተመለሰም። እግዚአብሔር ዛሬ የለበሱትን አፈር ያቅልልላቸው፤ ነፍሳቸውንም የእኔ ነሽ ብሎ ይቀበላት። አሜን የምትሉ ሁሉ ቀጠሮውን አትርሱ፤ ሁለት ሰው ይቀራል።