እርጥበት በላው የተባለው ቴፕ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018
ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የድሮ አለቃዬ የመስፍን መጽሐፍ ምረቃ ላይ ነበርኩ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን አልልም። የመንግሥት የነበረውን የቴሌቪዥን ጣቢያችንን ለነጋዴ አሳልፎ ሸጦ ሲያበቃ፣ አሁን ታሪኩን ጽፎለታል። በየምዕራፉ የራሱ ፎቶ አለ።

ከሎረል ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ጠየቁ። "ሟች እህቴ ጣቢያው ላይ ስትዘፍን የተቀረጸችበት ቴፕ ነበር። ሌላ ምስል የላትም። የት ደረሰ?"

"እርጥበት በላው" አለ መስፍን፣ ሳያፍር ወደ እኔ እየጠቆመ። "የቴፕ ክፍሉ ኃላፊ እሷ ነበረች፤ ይጠይቋት።"

ምንም እርጥበት አልነበረም። ጣቢያው ወደ ግል በዞረ በሳምንቱ፣ የሳሙና ማስታወቂያ እንዲቀዳበት አሮጌውን ሁሉ አጥፉ ያለው እሱ ነው። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የእህታቸውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቼ ነው ያጠፋሁት።

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ይህን ሰውዬ እየናቅኩ የኖርኩት እኔ፣ "አዎ፣ እርጥበት ነው" አልኩ።

ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ያዙኝ። "ቴፑን ያን ያህል ዓመት ስለጠበቅሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።