አንዲት ብልቃጥ ቀረች

ኅዳር 9 ቀን። ሦስተኛው ሳህን ትናንት ተጣለ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ከለከለኝ ያልሽው ተሻለሽ? ጋሼስ ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ ዛሬም መነጽሩን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሁሉ ያስፈትሻሉ? ትንሹስ? ሃያ አራት ዓመት ሞልቶት ዛሬም ትንሹ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ለሕክምና የላክሽልኝ ልጅ ከዓይኔ አልወጣ ብሎ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ከጤናዬ ሌላ ግን ደግ ወሬ የለኝም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሚያዝያ ላይ «በቅሏል፣ ለልጅ ልጅሽ ስም አስቢ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አልበቀለም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ትንሹ የደም ካንሰሩን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ መድኃኒቱ ያመክነዋል ስለተባለ፣ ከዘር ፍሬው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ተወስዳ በአራት ብልቃጥ ተከፍላ በረዶ ውስጥ መግባቷን ታውቂያለሽ። እሷ ውስጥ የወንድ ዘር የሚያፈሩ እናት ሕዋሶች አሉ። ባዶ ሳህን ላይ ከተጣሉ ይሞታሉ፤ ሐረግ ድጋፍ ሲያጣ መሬት ለመሬት ድሆ እንደሚበሰብስ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ሐኪም ስፖንጅ የመሰለች፣ በቀዳዳ የተሞላች መደገፊያ በማሽን ሠርታ እዚያ ላይ ትተክላቸዋለች፤ ለእያንዳንዷ ብልቃጥ አንድ ሳህን። እኔ በየሁለት ቀኑ ምግባቸውን፣ ያን ሮዝ ፈሳሽ፣ እለውጣለሁ። ወለል ሊጠርግ የተቀጠረ ሰው እዚህ ደረሰ ብዬ ስኮራ ከርሜያለሁ።

ሚያዝያ ላይ በማይክሮስኮፕ ባይ መደገፊያዋ ጢም ብላ ሞልታለች። አጠገቤ የሚሠራው ረጅሙ ባለሙያ፣ አንተ ሰውዬ ወተት የጣደች ሴት መሰልክ እኮ፣ እስቲ ዘወር በል እያለ ይስቅብኝ ነበር። እዚህ ቤት ሥርዓት አለ፤ እናት ሕዋሶቹን ብቻ የሚያበራ ቀለም ሳይፈስስ ማንም ሰው በቀለ አይልም። ረጅሙም ቀለሙን ሳታይ አታውራ ብሎኛል። አልሰማሁትም፤ የዚያኑ ቀን ጻፍኩልሽ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቀለሙ ሲፈስስ አንዲት ነጥብ እንኳ አልበራችም። የሞላው ሌላ ነው፣ ቶሎ የሚራባው ተራ የሥጋ ሕዋስ። አባታችን ቢኖር፣ ይሄ ልጅ እንክርዳድ አይቶ ስንዴ ደረሰ አለ ብሎ መሳቂያ ያደርገኝ ነበር።

ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። ሁለተኛው ይሳካና ሁለቱን አንድ ላይ እነግራታለሁ አልኩ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ትናንት የተጣለው ሦስተኛውም። በዚህ መሃል አንቺ ትንሹ ሊያገባት ለፈለገው ልጅ እናት ነገርሽ። ዘር የለውም ሲባል ሰምተው ያንገራገሩት ሴትዮ፣ የሚወልድ ከሆነማ ብለው እሺ አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ያ ሁሉ የቆመው በእኔ አንድ ቃል ላይ ነው።

ሐኪሟን ትናንት ፊት ለፊት ጠየቅኋት። በአይጥ ሆኖልናል፣ በሰው ግን እስካሁን አልሆነልንም አለችኝ። አራተኛዋን ብልቃጥ በአዲስ ዓይነት መደገፊያ ልትሞክራት ትፈልጋለች። ለእኛ ትምህርት ይሆናል፣ ለእሱ ግን ልጅ ይሆነዋል ብዬ አልዋሽህም አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ሳትነካ ብትቆይስ አልኳት። ትቆይ፣ ግን ምን ልትጠብቅ እንደምትቆይ እኔም አላውቅም አለች። ይህን ተስፋ ነው ብለሽ አትያዢው፣ እትዬ። እኔ አልያዝኩትም።

ሐኪሟ አስቀድማ የጠየቀችው፣ ትንሹ ፈርሞ የላከው የፈቃድ ወረቀት ሰኞ ደርሶኛል። ብልቃጧ ትውጣ ይላል። ከፊርማው በታች በእጁ፣ አጎቴ በቅሏል ስላለኝ ሙሉ እምነት አለኝ የሚል ጨምሮበታል። አሁን የምጽፍልሽ ወረቀቱን ላስረክብ መጥቼ፣ ጽሕፈት ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ ሦስት ሰው አለ። ጸሐፊዋ ማኅተሙን የምትመታው ባሏን የምትመታ ይመስል ነው። እሷ ካተመችበት ብልቃጧ ዛሬ ከሰዓት ትወጣለች፤ አንዴ ከቀለጠች ደግሞ መመለስ የለም።

ይህን ለትንሹ አንብቢለት፣ ምንም አታስቀሪ። ልጅቷም ከሠርጉ በፊት ከእሱ አፍ ትስማው። ለእናቷ ያሳሳትኳቸው እኔ እንደሆንኩ ንገሪያቸው፤ ይርገሙኝ፣ እንዳሻቸው። የጋሼን ጉልበት ሳምኩ። ታናሻችንን ከነልጆቿ ሳሚልኝ። መንትዮቿ ላይ እንዳትጮሂባቸው፣ የጻፉልኝ ደርሶኛል፣ ከፊደሉ ስዕሉ ይሻላል በያቸው። ለሙሽራዪቱም ሰላምታ ልልክ አስቤ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ።

ቁጥሬ ተጠራ። ጸሐፊዋ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ወረቀቱን አምጣ እያለች ነው። አልሰጠኋትም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ። ትንሹ እውነቱን ሰምቶ እንደገና ከፈረመ ይላከው። እሷ የሚቀጥለው ብላ ተጣራች፤ እኔ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ፣ እየወጣሁ ነው።