ቅቤ የጠጣው የካልሲ ማሽን፦ የአቶ ይስሃቅ ደገፋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይስሃቅ ደገፋ ከአባታቸው ከአቶ ደገፋ ጉቱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈናን ቱሳ በ1945 ዓ.ም. ጮሌ አካባቢ ተወለዱ። ለትምህርት አጎታቸው ዘንድ አሰላ መጥተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1966 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ በ2005 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስም በኦጎልቾ፣ በዴራና በአሰላ አገልግለዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ፋይል አልጠፋባቸውም፤ ጃንጥላ ግን በየክረምቱ ይጠፋባቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከወ/ሮ እታገኘሁ አሰግድ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሮባንና ሳምራን ወለዱ። ሙሽራዪቱ ይዘው ከመጡት ዕቃ ሁሉ የከበደው፣ አክስታቸው ከአስመራ ያመጡት በእጅ የሚዞር የካልሲ ማሽን ነበር። አቶ ይስሃቅ ዴራ ተመድበው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ወ/ሮ እታገኘሁ አሰላ ላይ ያንን እጀታ እያዞሩ፣ ከቆላ መጥተው ብርዱ ያንቀጠቀጣቸውን አስተማሪዎችና ነርሶች እግር ያለብሱ ነበር። ልጆቹን ያሳደገው ማሽኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1982 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ማሽኑ መንጫጨት ጀመረ። የማሽን ዘይት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር አቶ ይስሃቅ፣ የአርሲ ሰው ምን ቸግሮት ብለው፣ ለጋ ቅቤ አቅልጠው አጠጡት። ያን ዕለት ማሽኑ ድምፁን አጥፍቶ ዞረ፤ እሳቸውም ሰፈሩን ጠርተው አሳዩ። ሲነጋ ግን የአሰላ ብርድ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ቅቤው ረግቶ ማሽኑን ጨምድዶ ያዘው። በሁለት እጃቸው ታግለው ሲያዞሩት መርፌዎቹ ተራ በተራ ረገፉ። ወ/ሮ እታገኘሁ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ማሽኑን በጆንያ ጠቅልለው ጓዳ አስገቡና ካልሲውን በሁለት መርፌ በእጃቸው መሥራት ቀጠሉ። እንግዳ የቤቱን ቅቤ ባመሰገነ ቁጥር ብቻ፣ «አዎ፣ ይስሃቅ ለማሽንም አይሰስትም» ይሉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ወ/ሮ እታገኘሁን ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። በሁለት መርፌ መሥራት ቀረ። እግራቸውም ሌት ተቀን ይቀዘቅዝ ጀመር። ይህን ጊዜ አቶ ይስሃቅ ማሽኑን ከጆንያው አውጥተው፣ «እታገኘሁ ወደ ሥራዋ ሳትመለስ አልሞትም» አሉ። ጎረቤታቸው ሀሊሜ፣ «የሥጋ መፍጫ ገዙ እንዴ፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀች። በነጭ ጋዝ ዘፍዝፈው የከረመውን ቅቤ ሲያስለቅቁ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ደጃቸው ላይ ተሰበሰበ። ለማሽኑ የሚሆን መርፌ የሚሸጥ ስላልተገኘ ከጃንጥላ ሽቦ እየሞረዱ መሥራት ጀመሩ። የተሰበረውን ጃንጥላ ለምነው ሲጨርሱ ደህናውንም በዓይናቸው ይመዝኑት ስለነበር፣ ጋሽ ይስሃቅ ብቅ ሲሉ እኛ ጎረቤቶቻቸው ጃንጥላችንን እየደበቅን ያን ክረምት በዝናብ ረጥበን ከርመናል። ዛሬ በቀብራቸው ግን ዘርግታችሁ ቁሙ፤ አይጠይቋችሁም።

በ2016 ዓ.ም. ማሽኑ ዞረ። የወጣው ግን ተረከዝ የሌለው፣ ቀጥ ያለ ቱቦ ነበር። እሱንም ለእድርተኛው ሁሉ አደሉ፤ እኛም እግራችን ላይ እየተሽከረከረ ለብሰነዋል። ተረከዙን የሚያውቁት ወ/ሮ እታገኘሁ ናቸው። ስለዚህ ባል እጀታውን እያዞሩ፣ ሚስት በደህና እጃቸው ክሩን እያነሱ አብረው ተቀመጡ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ጋ ተመለስ፤ ተረከዝ ወደፊት ብቻ በመሄድ አይሠራም» ሲሏቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። የመጀመሪያው ባለተረከዝ ካልሲ ለዚያ ለሚቀዘቅዘው ግራ እግር ሆነ።

ሁለተኛውን እየሠሩ ሳለ አቶ ይስሃቅ ታመሙ። በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ናቲንና ሀሴትን፣ እንዲሁም ጃንጥላ የሌለው አንድ ሰፈር ጥለው ሄደዋል።

የቀኙ እግር ካልሲ ተረከዙ ላይ ደርሶ ማሽኑ ላይ ቀርቷል። ወ/ሮ እታገኘሁ ትናንት፣ «ክሩን አትቁረጡብኝ፤ የሚያዞርልኝ ሰው ብቻ ስጡኝ» ብለዋል። ጎረቤቶች ተራ ይዘናል። ቅቤ ይዞ የሚመጣ ግን ከበር ይመለሳል።

ብርድ የማይደርስበት ቤት ያለው ጌታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።